ዛፍ የሚቆጥረው ተማሪና የአጅባር ገበሬ

ደሴን ለቆ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ሳይንት አጅባር የሚዘልቅ መንገደኛ ለብዙ ሰዓት የሚያየው የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና በየደጁ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። የታረሰው ዳገት ማለቂያ ያለው አይመስልም። በቦረናና በሳይንት መካከል ግን የመሬቱ መልክ በድንገት ይለወጣል። ከገደሉ ሥር ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል፤ ከደኑ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ የለበሰ ውርጫማ ሜዳ ይገኛል። የአገሩ ሰው ይህን ሥፍራ ደንቆሮ ጫካ ይለዋል።

ጫካው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደኖረ ሽማግሌዎች በቃል ሲያወሱት ኖረዋል። በኋላ የመንግሥት ደን ሆኖ ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል የቦረና ሳይንት ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ያን ጊዜ ስፋቱ 4,375 ሄክታር ሲሆን፣ ቦረናን፣ አማራ ሳይንትንና መሐል ሳይንትን የሚያዋስን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክልሉ ሰፍቶ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ስም ይዟል።

ወደዚህ ጫካ ባለፉት ሃያ ዓመታት አንድ ዓይነት እንግዳ ሲመላለስ ታይቷል። እንግዳው ወጣት ነው። መጥረቢያም ጠመንጃም አልያዘም። የያዘው ሜትር፣ ገመድ፣ ደብተር፣ እርሳስና አንድ እሥር አሮጌ ጋዜጣ ነው። ገመዱን ዘርግቶ መሬቱን በአራት ማዕዘን ይከልላል፤ በውስጡ ያለውን ዛፍ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ግንዱን ይለካል፤ ቅጠሉን ቀጥፎ በጋዜጣው መካከል ያስተኛል። ከብት የሚጠብቅ ሽማግሌ ይህን ሲያይ፣ «ልጄ፣ ዛፉን ቆጥረህ ለማን ልታስረክበው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በገጠር ቆጠራ ሲባል ግብር ወይም ድንበር ተከትሎ መምጣቱን የሚያውቅ ሰው መጠርጠሩ ተገቢ ነው።

ለሽማግሌው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አለ። ወጣቱ የብዝኃ ሕይወት ትምህርት የሚከታተል የማስተርስ ዲግሪ ተማሪ ነው። የቆጠረውን የሚያስረክበው ለዩኒቨርሲቲው ነው። ሆኖም የቆጠረው ነገር ባለቤትና ጠባቂ በጫካው ዳር የሚኖረው ገበሬ በመሆኑ፣ ርክክቡ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሊያበቃ አይገባውም። የቀበሌ ገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ትምህርት ከሥር መሠረቱ ማወቅ የሚኖርባቸውም ስለዚህ ነው።

ብዝኃ ሕይወት ምንድን ነው?

ብዝኃ ሕይወት ማለት በአንድ አካባቢ የሚገኙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሁሉ ብዛትና ልዩ ልዩነት ማለት ነው። ዛፉ፣ ሣሩ፣ አውሬው፣ ወፉ፣ ንቡ፣ በአፈር ውስጥ ያለው ትል ጭምር በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ገበሬው በጎታው ለይቶ የሚያስቀምጠው ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስና ሰነፍ ኮሎም የብዝኃ ሕይወት አካል ነው።

ብዛትና ልዩ ልዩነት አንድ አለመሆናቸውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ደኖች አሉ እንበል። በእያንዳንዳቸው 100 ዛፎች ይገኛሉ፤ በሁለቱም 10 ዓይነት ዛፍ አለ። በመጀመሪያው ደን ግን 91ዱ ዛፎች አስታ ሲሆኑ ከቀሩት ዘጠኝ ዓይነቶች አንድ አንድ ብቻ ተገኝቷል። በሁለተኛው ደን ከየዓይነቱ አሥር አሥር ዛፍ አለ። በቁጥር እኩል ቢሆኑም የመጀመሪያው ደን ደካማ ነው፤ ዘጠኝ መጥረቢያ ቢያርፍበት ዘጠኝ ዓይነት ዛፍ ያጣል። ተማሪው በትምህርት ቤት የሚማረው ቀመር ይህን ልዩነት በቁጥር የሚገልጽ ነው።

ሁለት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የፈለገ የሥነ ሕይወት ተማሪ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን በሌሎችም የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል።

ትምህርቱ እንደተለመደው ሁለት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው በክፍል ውስጥ ሆኖ ዕፅዋትንና እንስሳትን በዘር በዘራቸው መመደብን፣ ፍጥረታት ከአየሩ፣ ከአፈሩና እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት፣ እንዲሁም የቁጥር ስሌትን ይማራል። በሁለተኛው ዓመት ወደ መስክ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን ምን ሊጠይቅ እንደፈለገ፣ እንዴት እንደሚሠራና ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ አቅርቦ በመምህራኑ ማስፈቀድ አለበት።

የመስኩ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕፅዋት የሚያጠና ተማሪ ከቆላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ደጋው እየወጣ በየተወሰነው ከፍታ ላይ መደብ ይዘረጋል። የዛፍ መደብ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱም ወርዱም 20 ሜትር፣ ስፋቱም 400 ካሬ ሜትር ነው። በውስጡም ሣርና ቡቃያ የሚቆጠርባቸው ትንንሽ መደቦች ይኖራሉ። የዛፉ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም በሰው ደረት ትክክል ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ከፍታ ላይ ካልለካ የዛሬውን ከነገው፣ የሳይንቱን ከመንዙ ማስተያየት አይቻልምና።

ቅጠሉ ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ተቆርጦ በጋዜጣ መካከል ይጨመቃል፤ ጋዜጣው እርጥበቱን እየመጠጠ ያደርቀዋል። በላዩም የተገኘበት ቀበሌ፣ ከፍታው፣ ቀኑና ገበሬው የነገረው ስም ይጻፋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 በተቋቋመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተቀመጡት የደረቁ ዕፅዋት ጋር ይመሳከራል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ በመጽሐፍ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው ታላቅ ሥራ የተጠናቀቀው በ2009 ነው። በዚህም አገሪቱ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች እንዳሏት፣ ከእነዚህም ከአሥር አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ መሆኑ ታውቋል።

የዱር እንስሳት የሚያጠናው ደግሞ ማልዶ ይነሣል። በተወሰነ መስመር ላይ በዝግታ እየተራመደ ያየውን ድኩላ፣ ሰስ፣ ጉሬዛና ጭላዳ ዝንጀሮ ይመዘግባል። ነብርና ጅብ በቀን ስለማይገኙ ኮቴያቸውንና ኩሳቸውን ፈልጎ ያነባል። ሥራው በበጋም በክረምትም ይደገማል፤ በጥቅምት የታየ እንስሳ በሚያዝያ የት እንደሚውል ሳይታወቅ ስለ ኑሮው መናገር አይቻልምና።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ተማሪው ብቻውን አይደለም። መንገዱን የሚመራው፣ የዛፉን ስም የሚነግረው፣ የነብሩን ዋሻ የሚያሳየው የአገሩ ሰው ነው። ኮሶው የት እንደቀረ፣ ወይራው ከየትኛው ሸለቆ እንደጠፋ፣ ንብ በየትኛው ወር ከየትኛው አበባ ላይ እንደምታርፍ የሚያውቀው ገበሬው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በፓርኩ ዙሪያ ስላለው ባህላዊ የንብ እርባታ የታተመው ጥናት መሠረት ያደረገው የገበሬውን ዕውቀት ነበር። እንዲሁም የደንቆሮ ጫካ የዕፅዋት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ የመካከለኛና የትላልቅ አጥቢ እንስሳት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

ቁጥሩ የሚናገረው

አንድ የማኅበር መሪ ከእንደነዚህ ያሉ ጥናቶች ሊያነበው የሚገባ ዋና ነገር የዛፎቹ ውፍረት ዝርዝር ነው። ጤነኛ ደን እንደ ጤነኛ መንደር ነው። በመንደር ውስጥ ሕፃናት ይበዛሉ፤ ጎልማሶች በመጠኑ ይገኛሉ፤ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው። በደንም ቡቃያው እጅግ ብዙ፣ ቀጭኑ ዛፍ ብዙ፣ ወፍራሙ ጥቂት መሆን አለበት። ተማሪው ቆጥሮ ወፍራም ዛፍ ብቻ አግኝቶ ቡቃያ ካጣ፣ ያ ደን ከሩቅ ሲታይ ቢያምርም ልጅ የሌለው መንደር ሆኗል ማለት ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው የለም።

ይህ ዓይነቱ ውጤት ምክንያቱን ለማወቅ ያስችላል። ቡቃያው የጠፋው ከብት እየጋጠው ከሆነ መፍትሔው የግጦሽ ተራ ነው። ቀጭኑ ዛፍ የጠፋው ለቤትና ለአጥር እየተቆረጠ ከሆነ መፍትሔው በየደጁ ዛፍ መትከል ነው። ፍሬው እየወደቀ የማይበቅል ከሆነም ችግኝ አፍልቶ መትከል ያስፈልጋል። ለሦስቱም ችግሮች አንድ ዓይነት ክልከላ ማወጅ ግን ገበሬውን ያስከፋል እንጂ ደኑን አያድንም። ቁጥሩ ከሌለ የትኛው ችግር የት እንዳለ መለየት አይቻልም።

ቀይ ቀበሮና የገብስ ማሳ

ከደኑ በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 በታች መሆኑን አጥኚዎች ይገምታሉ። ከእነዚህም ጥቂቶቹ በደቡብ ወሎ ደጋ ይኖራሉ።

በግ ያለው ሰው ቀበሮን በጠላትነት ማየቱ የተለመደ ነው። የሚጠፋ ግልገል መኖሩም አይካድም። ተማሪዎች ግን የቀበሮውን ኩስ ሰብስበው፣ አጥበውና አድርቀው በውስጡ ያገኙትን ፀጉርና ጥርስ መርምረዋል። በተለያዩ ተራሮች በተደረጉት ጥናቶች የተገኘው ከሁሉ የበዛው ምግቡ አይጥ መሆኑ ነው። አይጥ ደግሞ የገብስ ማሳ ጠላት እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም።

በሌላ በኩል ለቀበሮው ትልቁ አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ከመንደር ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ይኸው በሽታ ሰውንና ከብትንም የሚገድል በመሆኑ፣ የቀበሌ መሪዎች ውሾች እንዲከተቡ ቢያስተባብሩ መንደራቸውንም ቀበሮውንም በአንድ ጊዜ ይጠብቃሉ።

ዘሩም ከጫካው እኩል ነው

የብዝኃ ሕይወት ትምህርት በጫካ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ ከየክፍለ ሀገሩ የገበሬውን ዘር መሰብሰብና በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። ይህ ማዕከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በመባል የሚታወቀው ተቋም ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

የሥራው ዋጋ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ታየ። በወሎ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በልቶ ለመጨረስ ተገደደ። ዘር ሲበላ የጠፋው የአንድ ዓመት እህል ብቻ አልነበረም፤ ውርጩን፣ ጭንጫውንና አጭሩን የበልግ ዝናብ የለመደ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ዘርም አብሮ ይጠፋ ነበር። ማዕከሉ ቀደም ብሎ የሰበሰበውንና በድርቁ ጊዜ ያሰባሰበውን ዘር ይዞ ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር በመሥራት የአገሩ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እንዲቀጥል አድርጓል።

የኢትዮጵያ ገብስ ጥቅም ከአገር አልፎ ተርፏል። ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ባጠቃ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በአንድ ደጋ ማሳ ጥግ ላይ የሚዘራ፣ ምርቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚናቅ ዘር ምን እንደያዘ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ወረቀቱ የት ገባ?

ተማሪው የሰበሰበውን ቁጥር አስልቶ ጽሑፉን ይጽፋል። በፈታኞች ፊት ቀርቦ ጥያቄ ይመልሳል። ካለፈ ዲግሪውን ያገኛል። ጽሑፉ ተጠርዞ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መንገድ የመራው ገበሬ ስለ ጫካው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ይቀራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ለገበሬው ባይደርሰውም በእርሱ ኑሮ ላይ ውሳኔ ማስከተሉ አይቀርም። የፓርክ ወሰን ሲሰመር፣ የግጦሽ ቦታ ሲዘጋ ወይም ሲከፈት፣ የጓሳ ማጨጃ ጊዜ ሲወሰን እንዲህ ያሉ ጥናቶች በማስረጃነት ይቀርባሉ። የማኅበር መሪዎች በስብሰባው ላይ ቁጥሩን ሳያውቁ ከተቀመጡ መከራከሪያ የላቸውም። ቁጥሩን ካወቁት ግን «ቡቃያው የጠፋው በዚህኛው ሸለቆ ነው፤ ያኛው ክፍት ይሁንልን» ለማለት ይችላሉ።

ጥናት ለገበሬው ሊያግዝ እንደሚችል በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ይመሰክራል። በዚያ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ለተወሰኑ ዓመታት እየከለከለ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት እየከፈተ ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ። ቢሆንም አጥኚዎች የሥርዓቱን አሠራርና የሜዳውን ሀብት መዝግበው በጽሑፍ በማውጣታቸው፣ የሕዝቡ ጠባቂነት የሚታይ ማስረጃ አገኘ። ሥፍራውም በኋላ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ በሕግ ታወቀ።

ዕውቀትን ያለ ጥንቃቄ መስጠት ጉዳት ማስከተሉም የታየ ነው። በጤፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ከተደረገ በኋላ፣ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በውጭ አገር በፈጠራ ባለቤትነት ተመዝግቦ ተገኘ። የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ምዝገባውን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የአገሪቱ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ አስቀድሞ ፈቃዱን የመስጠት ወይም የመከልከል፣ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መሪዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው

ስለሆነም ደብተርና ገመድ የያዘ እንግዳ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ማባረርም ሆነ ዝም ብሎ ማሳለፍ አይበጅም። በመልካም ተቀብሎ መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣ የሚገልጽ ደብዳቤና የፓርኩ ፈቃድ መያዙን መመልከት። ሁለተኛ፣ ምን ለማወቅ እንደፈለገ ገበሬ በሚገባው አማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግ፤ ጥያቄውን በአማርኛ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ጥያቄውን ራሱ ገና አልተረዳውም። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ቅጠል ወይም የዘር ዕውቀት የሚጠይቅ ከሆነ የሚወሰደው ነገር ለምን እንደሚውልና ከአገር የሚወጣ መሆን አለመሆኑን ማጣራት። አራተኛ፣ መንገድ የመሩትና ዕውቀት የሰጡት ሰዎች ቢፈቅዱ ስማቸው በጽሑፉ ላይ እንዲጠቀስ ማሳሰብ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ ተመልሶ እንዲመጣ ቃል ማስገባት ነው። መቶ ገጽ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። የትኛው ዛፍ በዛ፣ የትኛው አነሰ፣ የት ላይ ቡቃያ ጠፋ፣ ምን ቢደረግ ይሻላል የሚሉትን ነጥቦች የያዘ ሁለት ገጽ አማርኛ ይበቃል። ይህ ወረቀት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተማሪም ለሚመረጠው መሪም ማስተያያ ይሆናል።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ደንቆሮ ጫካን የሚያጠና ሁሉ ከሩቅ የመጣ መሆን የለበትም። በአጅባርና በመካነ ሰላም ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች ከብት ሲጠብቁ የየዛፉን ስም፣ የየአውሬውን ዱካ ለይተዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ወራት ሙሉ ጠይቆ የሚያገኘውን እነርሱ በልጅነታቸው ያውቁታል። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያ ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመከፈታቸው የከፍተኛ ትምህርት በር ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል። እረኛው፣ በተለይም እንጨት ለቀማና ውኃ ቀዳ እያሉ ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ልጃገረዶች፣ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ እዚያ እንዲደርሱ መርዳት የወላጆችና የመሪዎች ፈንታ ነው።

ያን ጊዜ ከብት የሚጠብቀው ሽማግሌ ገመድ ዘርግታ ዛፍ የምትቆጥረውን ልጅ፣ «ልጄ፣ ለማን ልታስረክቢው ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ለእርስዎ ነው አባባ» ብላ ለመመለስ ትችላለች።